የዝናብ ቀን ሙቀት

የቴክኒሻኑ ሬሳ የተገኘው ከድልድዩ ጫፍ ሥር፣ ጭቃው ላይ ነው። እጁ መፍቻ እንደጨበጠ ነበር።

«አዳልጦት ነው» አለ ዋና መሐንዲሱ። «ዝናቡን እያዩት።»

መርማሪዋ እጇን ምሰሶው ላይ አሳረፈች። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ንዝረቱ እስከ ክርኗ ይደርሳል። ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

ካፖርቱ ውስጥ የተሸጎጠው የድልድዩ ጥበቃ፣ ትናንት ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልካደም።

«ድልድዩን ዝጋ አለኝ፤ በማን ትእዛዝ አልኩት። ልጄ፣ በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ለምን ይዘጋ?»

«ታሟል አለኝ።»

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ መሐንዲሱ ስክሪኑን አሳያት። ብረት ሲሰነጠቅ ንዝረቱ ይዘገያል፤ የድልድዩ መሣሪያዎች የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

«ዘግይቷል እኮ።»

«ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅም ይዘገያል። ኮምፒውተሩ ቴርሞሜትሩን አይቶ የሙቀቱን ድርሻ ይቀንሳል። ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም።»

ስክሪኑ ላይ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ይላል። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። የመርማሪዋ ጣቶች በብርድ ደንዝዘዋል።

ጥበቃው ከበሩ አንገቱን አሰገገ። «ታዲያ ካፖርቴን ላውልቅ እንዴ?»

መርማሪዋ ተነሳች።

የቴርሞሜትሩን ገመድ ተከትላ ወጣች። ወደ ድልድዩ ብረት አልወሰዳትም። ጫፉ ከድልድዩ ጫፍ ላይ በቆመ ጄኔሬተር የጭስ ማውጫ ላይ በብሎን ታስሯል፤ ብሎኑ ግማሽ ድረስ ተፈትቷል። ቁልቁል ብታይ፣ ሬሳው ልክ ከሥሯ ነው።

አንድ ሰው ኮምፒውተሩን በጭስ ሙቀት አታሎታል። አንድ ሰው ደግሞ ሊያስተካክል መጥቶ ነበር።

ወደ መሐንዲሱ ተመለሰች። «ድልድዩ ደህና ነው ብለዋል?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው መሃሉ ላይ ቆመን እናውራ።»

ቀድማ ወደ ድልድዩ ገባች። መሃል ደርሳ ዞር ስትል መሐንዲሱ ካለበት አልተነቃነቀም።

«ይምጡ እንጂ።»

«እዚሁ ይሻላል።»

ከማዶ አንድ አውቶቡስ ገባ። ብረቱ አቃሰተ። የመሐንዲሱ ፊት አመድ መሰለ።

«ውጪ ከዚያ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የድልድዩን ብየዳ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከተዘጋና ከተመረመረ እታሰራለሁ። ቴክኒሻኑን ተወው ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ገፋሁት።»

ተከትሏቸው የመጣው ጥበቃ የመሐንዲሱን ክንድ አፈፍ አደረገ።

መርማሪዋ ግን ፊቷን ወደ አውቶቡሱ አዙራ ሁለት እጇን ዘርግታለች። አውቶቡሱ እየተንሸራተተ መጥቶ አፍንጫዋ ሥር ቆመ።

«እህቴ፣ መንገድ ልቀቂ እንጂ» አለ ሾፌሩ። ከኋላው መስኮቶቹ ሁሉ ሰው ሞልተዋል።

«ወደ ኋላ ተመለስ። ቀስ ብለህ።»

ፊቷን አይቶ አልተከራከረም። የፊተኛው ጎማ ከድልድዩ እስኪወርድ ድረስ እጇን አላወረደችም። ከዚያ የቀራት የራሷ መመለስ ነበር። አንድ እግሯን አነሳች፤ ሌላውን ለማንሳት ግን ብረቱ ዝም እስኪል ጠበቀች።