ግማሽ ቅል

ቋ! ቋ! ቋ!

ድምፁ ከሸምበቆው ጀርባ መጣ። ማንም ዞር ብሎ አላየም። ሰው የተመረዘ ውሃ እንዳይጠጣ ዳር ላይ የቆመው ማሽን፣ ብረት ዘበኛው፣ እንደ ልማዱ ሐይቁን አሽትቶ መርዝ አግኝቷል ማለት ነው። አልጌው፣ ያ የተደፋ ቀለም የሚመስል ሰማያዊ አረንጓዴ ስልባቦት፣ ውሃውን ሸፍኖታል። ትናንት ከዚያ የጠጡ ጥጆች ሆዳቸው ተነፍቶ ዳር ላይ ተጋድመዋል።

ዘበኛውን የሚጠግነው ዱካሞ ግን ዛሬ ድምፁን ፈራ። ወንድሙ ሻላሞ በዓሣ መረብ ጠብ የአባ ሀመሶን ልጅ በመቅዘፊያ መትቶ ገድሏል። አሁን ሁለቱ ወገኖች ሐይቁ ዳር ለዕርቅ ተቀምጠዋል። ገዳይና የሟች አባት ሐይቁን ምስክር አድርገው እየማሉ ውሃውን ከአንድ ቅል ካልተጋሩ ደም በደም ይመለሳል።

አስታራቂው ሽማግሌ ሊቀዱ ሲያጎነብሱ የብረቱ ክንድ ተወነጨፈ። ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ የእጅ አንጓቸው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«አጥፋው አንተ!» ጮኹ የሟች ወገኖች።

«ውሃው መርዝ ነው!» አለ ዱካሞ።

«እናፍላዋ!»

«ቢፈላም መርዙ አይለቅም። የቧንቧ ውሃ ላምጣላችሁ።»

«ቧንቧ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሚሆነው? ወንድምህ እንዳይምል ብለህ ነው ብረትህን ያዘዝከው!»

መቅዘፊያዎች ተነሡ። የመጀመሪያው የሻላሞን መንጋጋ ሰበረ፤ ጥርሱ አሸዋው ላይ ተበተነ። ዘበኛው ዝም ብሎ ቆሟል። የተሠራው ሰውን ከውሃ ሊጠብቅ እንጂ ከሰው ሊጠብቅ አይደለም።

ዱካሞ ወንድሙን ሊከልል ሲል እጁ በደም ተነከረ። ሮጦ የብረቱን ደረት ከፈተ፣ ከሚያውቃቸው መርዞች የአልጌውን ሽታ አጠፋ፣ ደሙን ማሽተቻው ላይ ለደፈው።

«ከእንግዲህ መርዙ ይሄ ነው!»

ቋ! ክንዱ ደም የነካውን ሁሉ ይመታ ጀመር። ጉልበት ደቀቀ፤ ትከሻ ወለቀ፤ ሰው እየጮኸ በሰው ላይ ወደቀ። የተጋደመውን ሻላሞን እንኳ አልማረም፤ እግሩን ሰበረው። በመጨረሻ ዱካሞን ራሱን ዘረረው።

ቆመው የቀሩት አባ ሀመሶ ብቻ ነበሩ። ማንንም ስላልመቱ ደም አልነካቸውም።

ቅሉን አንሥተው ወደ ሐይቁ ሄዱ፤ አረንጓዴውን ቀዱ። የአልጌውን ሽታ የረሳው ዘበኛ አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ፣ ይተዉት! መርዝ ነው!» አለ ዱካሞ እንደተዘረጋ።

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

ግማሹን ጠጡ። ከዚያ ወደ ሻላሞ መጥተው ጎንበስ አሉ። ሻላሞ የተሰበረ አፉን ሊከፍት ታገለ። አባ ሀመሶ ለአፍታ አዩት፤ የእሱን ድርሻ አሸዋው ላይ አፈሰሱት።

ባዶውን ቅል ከራስጌው አስቀምጠው፣ «ድርሻህን መሬት ጠጣልህ፤ ደሙ እዚህ ይብቃ» ብለው በሸምበቆው መሃል ሄዱ።