ጉዞው ቀርቷል

«አንቺ ንገሪያት» አለች ሶልያና። «ጎረቤትሽ አይደለች? ካንቺ ከሰማች አትጠራጠርም።»

ቤቴል የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች መሬት መሬት ታያለች። የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰው ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ቆመዋል። ሌላ ጊዜ እዚህ ቦታ የሚቆሙት ሦስት ሆነው ነበር። ዛሬ ግን ናዝራዊት ገና ከፈተና ክፍል አልወጣችም፤ ሁለቱም የተቻኮሉት ሳትወጣ ነገሩን ሊጨርሱ ነው።

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«አክስቴ እንግዳ መጥቶባት ጎጆውን አከራየችው በያት። በቃ፣ ጉዞው ቀርቷል።»

የሶልያና አክስት እትዬ አስናቀች አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከተራራው ጫፍ ላይ፣ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ከእንጨት የተሠሩ ጎጆዎች ናቸው፤ በራቸው ሲከፈት ከታች ጫካው፣ ከጫካው ማዶ ደግሞ የአባያ ሐይቅ ይታያል ይባላል። «ፈተናችሁን ስትጨርሱ አንዱን ጎጆ ለሁለት ሌሊት እለቅላችኋለሁ» ብላ ቃል ከገባችላቸው ወዲህ ልጆቹ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ከሁሉም የጓጓችው ናዝራዊት ነበረች። ከሚኖሩባት ከሶዶ ወጥታ የምታውቀው ቅርቧን በዴሳን ብቻ ነው፤ እሱም አያቷ እዚያ ስላሉ። ስለዚህ አርባ ምንጭን በሐሳቧ ደጋግማ ሄዳበታለች። ሐይቁ በግራ በኩል ስለሚመጣ ሚኒባሱ ውስጥ በግራ መቀመጥ እንዳለባቸው መናኸሪያ ሄዳ ሾፌር ጠይቃ ያጣራችው እሷ ናት። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትወጣ ብርድ ልብስ ተከናንበው በረንዳ ላይ እንዲጠብቋት የወሰነችውም እሷ ናት። ሥራውን እንኳ አከፋፍላ ጨርሳለች። «ሶሊ ዕቃ ታጥባለች፤ ድስት ካስነካናት ተርበን ነው የምንመለሰው» እያለች ታስቃቸው ነበር።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን፣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ፣ ናዝራዊት ከወንበሯ ወደቀች። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ «ክብሪት! ክብሪት ጫሩ!» እያለ ጮኸ። ቤቴል ከክፍሉ ሮጣ ወጣች። ስትመለስ መምህራቸው ናዝራዊትን በጎኗ አስተኝቶ ኮቱን ከራሷ ሥር አድርጎላት አገኘች። በማግስቱ ናዝራዊት ራሷ ነገረቻቸው፤ የሚጥል በሽታ አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ያን ሰሞን በጥናት ተወጥራ አቋርጣው ነበር። ነገሩን ምንም ሳትደብቅ ነው የተናገረችው። ሶልያና ግን ከዚያ ወዲያ አጠገቧ መቀመጥ ተወች።

«እዚያ ገደል ነው፣ ቤቲ» አለች አሁን ሶልያና። «ማታ ብትወድቅብንስ? ፈታ ልንል ነው እንጂ ነርስ ልንሆን ነው የምንሄደው?»

ቤቴል «ይሄ ነገር አይነፋም» ልትላት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እምቢ ካለች ግን እሷም እንደምትቀር ገባት። ጎጆው የሶልያና አክስት ንብረት ነው።

«እሺ» አለች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ለናዝራዊት ነገረቻት። ናዝራዊት የቤቴልን ክንድ ያዝ አደረገች።

«አይዞሽ። አንቺም እኮ ጓጉተሽ ነበር። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሌላ ጊዜ እንሄዳለን።» ትንሽ ሄድ ብለው ግን ቆመች። «ቤቲ፣ በእኔ ምክንያት ነው እንዴ? ከሆነ ንገሪኝ። አልቀየምም።»

አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ቤቴል በዐይኗ እየሸኘችው «ኧረ ምን ነካሽ! እንግዳ መጥቶባት ነው አልኩሽ እኮ» አለች።

የመጀመሪያው ውሸት የሶልያና ነው ማለት ትችላለች። ይሄኛውን ግን ማንም አላቀበላትም።

ቅዳሜ ማለዳ የቤቴል እናት የተቀቀለ የቦዬ ሥርና ማባያ ዳጣ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። «ለናዝራዊትም እንዲደርሳት አድርጌ ነው፤ እሷ ቦዬ ትወዳለች» አለች። ቤቴል «እሺ እማ» ብላ ቀና ሳትል ወጣች።

መናኸሪያ ሲደርሱ የሶልያና ወንድም ቤኒ ቦርሳቸውን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጫነ፤ አርባ ምንጭ ድረስ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ቤቴል በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው የሶልያና ስልክ ጮኸ። እትዬ አስናቀች ነበረች፤ ጫጫታው ስላላሰማት ሶልያና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ተሳፈራችሁ? ያቺ የሚያማት ልጅስ መጣች? እናትሽ ነግራኛለች። ምንም እንዳታስቡ፣ ለእሷ ወለሉ ላይ ሰፊ ፍራሽ አንጥፌላታለሁ፤ እኔም ከጎኗ ነኝ። የባለቤቴ ወንድም እንደ እሷ ነው፣ ስንት ዓመት አብሮን ኖሯል። ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ።»

ሶልያና ቶሎ ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «አልመጣችም አክስቴ። እናቷ ከለከለቻት።»

ቤቴል ወደ ሶልያና ዞረች። እንግዳ መጣባት ብለው የዋሹባት ሴት ፍራሽ አንጥፋ እየጠበቀች ነው። አስቀድመው አንድ ጊዜ ቢጠይቋት ኖሮ ይሄ ሁሉ ነገር ባልመጣ ነበር።

«አርባ ምንጭ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እያለ ረዳቱ ይጣራል።

«ወራጅ አለ» አለች ቤቴል።

«አበድሽ እንዴ?» ሶልያና ክንዷን ያዘቻት። «ለማን ብለሽ ነው?»

ቤቴል ክንዷን አስለቀቀች። በሰዎቹ ጉልበት መሃል እየተሽሎከሎከች ወረደች። ቤኒ ግራ እንደተጋባ ቦርሳዋን አወረደላት።

ናዝራዊት ግቢያቸው ውስጥ ዩኒፎርሟን ታጥባለች። እናቷ እትዬ አዛለች ገበያ ወጥታለች። ቤቴል ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ የሶልያናን ፍርሃት፣ የራሷን «እሺ»፣ የእትዬ አስናቀችን ፍራሽ ሳይቀር። ናዝራዊት አረፋውን ከእጇ አራገፈች። ፊቷ ላይ መገረም አልነበረም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሐሙስ ዕለት ቤኒን ፋርማሲ በር ላይ አገኘሁት። ‹ቅዳሜ እንዳታረፍጂ› አለኝ። እናንተን ላለማሳፈር ‹እኔ አልችልም፣ እናቴን ላግዝ ነው› አልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትመጫለሽ ብዬ ነዋ። ሐሙስ ጠበቅኩሽ። ትናንትም ጠበቅኩሽ።»

«አልሄድኩም እኮ፣ ናዚ። ከመኪናው ወርጄ ነው የመጣሁት።» ቤቴል ይህን ከተናገረች በኋላ ድምፅዋ ለራሷ አስጠላት፤ ምስጋና የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

«ያስከፋኝ መሄድሽ አይደለም» አለች ናዝራዊት። «ብትፈሪኝም አልፈርድብሽም፤ እኔም አንዳንዴ ራሴን እፈራለሁ። ግን ጠየቅኩሽ፣ ቤቲ። መንገድ ላይ ቆሜ ጠየቅኩሽ።»

«ይቅርታ።»

«እሺ» አለች ናዝራዊት፣ እግሯን የረገጣት መንገደኛ ይቅርታ የጠየቃት ያህል። «ዛሬ ግን ሂጂልኝ።» ወደ ልብሱ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም።

ቤቴል ቤቷ ስትደርስ እናቷ ደጃፍ ስትጠርግ ነበር። ልጇን ስታይ መጥረጊያውን ጣል አደረገች።

«ውይ! ምን ሆነሽ ተመለስሽ? መኪናው ተበላሸ እንዴ? ናዝራዊትስ?»

«አዎ፣ ተበላሸ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እናቷ ታምናታለች፤ መኪናውንም ሾፌሩንም አማርራ ቁርስ ታቀርብላታለች፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

ቤቴል ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

«አልተበላሸም፣ እማ» አለች። «ትንሽ ቁጭ በይልኝ።»