የእናኑ ወናፍ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «እንባውን የዋጠ ሰው በሩን ሳይዘጋ እንደተኛ ነው» ይል ነበር። ደጋግሞ ይለው ነበር። ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ፣ ልጆች። በስመ አብ ብዬ ልጀምር።

ድሮ ነው። አንድ መንደር ውስጥ ጓንጉል የሚባል ብር አንጥረኛ ነበር። ሚስቱ እናኑ ሞተችበት። አለቀሰ? አላለቀሰም። እህል ይበላል፣ አይጥመውም። ፍም እጁን ይነካዋል፣ አያመውም። እንዲሁ ደንዝዞ ቀረ።

የተዝካሯ ዋዜማ ደረሰ። የእግር አልቦዋን አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ስስ መስቀል አድርጎታል። ስለ ነፍሷ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ነው። ሌላ ብር የለውም። የቀረው የመስቀሉን ፊት በእሳት ማጨማደድ ነው። ይህ ደግሞ በጨለማ ነው የሚሠራው፤ የብር ቅላት በቀን አይታይማ።

መሸ። ጓንጉል ወንዝ ዳር ወዳለው መሥሪያ ጎጆው ተነሣ። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ውሻ እንኳ የለበትም። ጎረቤቱ እትዬ ዘርፌ ከደጃፏ ሆና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ብቻህን? ጅብ ይበላሃል!» አለችው።

እሱ እርምጃውን አላቆመም።

«ውይ፣ ረስቼው! አንጥረኛን ጅብ ምን ያደርገዋል፣ ዘመዱ አይደል!» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። አልተቆጣምም። ሄደ።

እሳቱን አቀጣጠለ። መስቀሉን አጋለው፣ በሎሚ ውሃ ነከረው። እንደገና አጋለው፣ እንደገና ነከረው። ላዩ ነጣ፣ ቆዳ አወጣ። በመጨረሻው እሳት ውስጡ ይቀልጣል፣ ቆዳው አይቀልጥም፤ እንደ ወተት ስልባቦት ይጨማደዳል። ግን አንዲት የወናፍ ትንፋሽ ከልክ ካለፈች መስቀል የለም። ድብልብል ጠብታ ነው።

ወናፉን ሁልጊዜ የምትነፋለት እናኑ ነበረች። እሱ «ይብቃ» ካላላት አታቆምም። ክንዷ ቢዝልም አታቆምም።

አሁን ራሱ ሊነፋ እጁን ዘረጋ። ፍሙ ግን ቀድሞት ቀላ።

ንፋስ ነው አልሽ፣ አስካል? እሱም ንፋስ ነው አለ። በሩን ዘጋ። ፍሙ አሁንም ቀላ። ፉ... ፉ... ወናፉ ይነሣል፣ ይወድቃል። ማን ነካው? ማንም የለም። ቆየት ብሎ የወናፉ ቆዳ ላይ የጣቶች ጉድጓድ ታየ። ከዚያ ሳል ተሰማ። የእናኑ ሳል ነው፣ ያ የገደላት። እግዜር ይጠብቀን።

«እናኑ?» አለ።

ሳል ብቻ።

መስቀሉ መጨማደድ ጀመረ። አሁን «ይብቃ» ማለት አለበት። ካላለ መስቀሉ ይጠፋል። ካለ እናኑ ትሄዳለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እሱ አፉን ከፈተ፣ ቃሉ አልወጣም። ጉጠቱን አንሥቶ መስቀሉን ከእሳቱ ነጠቀና ድንጋይ ላይ አኖረው።

መስቀሉ አማረ። ወናፉ ግን ባዶ እሳት ላይ መንፋቱን አልተወም። ጓንጉል ብሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ በነጠላው ቋጠረው፣ ወጣ። በሩን ሲዘጋ እንኳ ፉ... ፉ... ይሰማው ነበር። ጥቂት እንደ ራቀ ጸጥ አለ። ወደ ኋላው አልዞረም።

መንገዱ መሐል አንድ የማያውቀው ሰው በቅሎውን እየሳበ ከፊት ለፊቱ መጣ። ጓንጉል መንገድ ለቀቀለት። ሰውየው በጓንጉል ትከሻ ላይ አሻግሮ አየና እንዲህ አለው፦

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ሴትዮዋ ያን ሁሉ ወናፍ ተሸክማ እያለከለከች ትከተልሃለች፤ ተቀበላት እንጂ!»