ባለ ነጭ ዓይኖቹ ዝንቦች

ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የወረታዋን ተማሪ የትሁንን ነገር ላጫውታችሁ።

ትሁን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከባለ ነጭ ዓይኖቹ የፍራፍሬ ዝንቦች መካከል አራት ባለ ቀይ ዓይን ዝንቦች አሉ።

መምህር ባየህ ዝንቦቹን ለሳይንስ ክበቡ ልጆች ሲያድሉ፣ «ዘራቸው እንዳይደባለቅ» ብለው ነበር። ዓይኑ ቀይ ከሆነው ከአገራችን ዝንብ ጋር አስተያይተው፣ ዝንብ የሚገድለውን ሻጋታ የሚቋቋመው የትኛው ዘር እንደሆነ ሊለዩ ነው። ያ ቢታወቅ ማንጎ የሚያበላሸውን ዝንብ ማጥፊያ መላ ይገኝ ይሆናል። ዘሩን በደንብ የጠበቀ ተማሪ ደግሞ ባሕር ዳር ሄዶ ቤተ ሙከራ ያያል።

ትሁን ግን ይሙቃቸው ብላ ብልቃጡን የማኅበር ጠላ ከተጠመቀበት ጋን አጠገብ አስቀምጣው ነበር። ሙዝ ልትጨምርላቸው የአፉን ጥጥ ስታነሣ የጠላው ዝንብ ሰተት ብሎ ገባ።

«አራቱን ልቀሚና ጣያቸው» አለች የራሷን ብልቃጥ የምትጠብቀው የክበቡ ጓደኛዋ አምሳል። «ክርስትና አንሥተሻቸዋል እንዴ?»

«የቀሩትስ? ዓይናቸው ነጭ ሁኖ አባታቸው የጋኑ ዝንብ ቢሆን?»

«አንቺ ደግሞ፣ የዝንብ አባት ማን ይጠይቃል?»

ትሁን ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። አባት የሚጠይቅ ሰው ታውቅ ነበር። አያቷ አቶ ገበያው፣ የሰፈራቸው ግጦሽ ገና ሩዝ ሳይዘራበት፣ ዥንጉርጉር የፎገራ ላሞች ነበሯቸው። ክረምት ውኃው ሜዳውን ሲሞላው እሷን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ይሻገራሉ። አንድ ቀን ጊደር ይዘው ገበያ ወረዱ። ገዢው ዙሪያዋን አይቶ ወደዳት። «መልኳ የእኔ ከብት ነው» አሉት አያቷ፤ «አባቷ ግን የጎረቤት ኮርማ ነው፤ ለዘር ከሆነ አትሁንህ።» ሰውየው ትቷት ሄደ። እሳቸው እያፏጩ፣ ትሁን የጊደሯን ጭራ ይዛ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመለሱ። ያን ፉጨት እስከዛሬ ትሰማዋለች።

ከደብተሯ ወረቀት ቀድዳ፣ «ጋን አጠገብ አስቀምጬው ተደባልቋል» ብላ ጻፈችና በብልቃጡ ላይ አሰረችው።

«ባሕር ዳርስ?» አለች አምሳል ቀስ ብላ።

«አንቺ ሂጂ። ያንቺ ንጹሕ ነው። ስትመለሽ ያየሽውን አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ።»

ብልቃጡን በነጠላዋ ደግፋ ወደ መምህሯ ሄደች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላው ቢጠፋባችሁ ስሟን አትርሱብኝ፤ ትሁን ነው።