ያየ ሰው ወደ አፋምቦ

በ፲፱፻፺፰ ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ማለዳ፣ ከአዋሽ የተነሣ አንድ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ሰመራ ደርሶ በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ፊት ቆመ። ሰመራ ያኔ አንድ አስፋልት፣ ጥቂት አዳዲስ ሕንፃዎችና ብዙ ነፋስ ነበራት፤ ዛፍ እንዲተከልባት ሁለት ጊዜ ተወስኖ ነበር፤ ፍየሎቹ ግን ውሳኔው አልደረሳቸውም።

ከሕንፃዎቹ በአንደኛው አቶ ኢስማኤል የተባለ የአፋር ተወላጅ የአደጋ ጉዳይ ሹም ሆኖ ከተቀመጠ አርባኛ ቀኑ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ሹም «ጎርፍ መጣ» ብሎ ሕዝብ አስነሣ፤ ጎርፉ ስላልመጣ እርሱ ራሱ ከወንበሩ ተነሣ።

የመኪናው ሾፌር ሸዋንግዛው ያለ ቀጠሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ አዋሽ ላይ ምሳ ስበላ ከላይ አገር ዝናቡ አላባራም ሲሉ ሰማሁ፤ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ትናንት አመሻሽ አዳይቱ ስደርስ ግን ወንዙ ወንዝ መሆኑ ቀርቷል።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ጭነት ላይ ነው። ጎጆ፣ ግንድ፣ ፍየል ጭኖ ይወርዳል፤ ኬላም የሚያስቆመው አይመስለኝም።»

ኢስማኤል ተነሥቶ ካርታው ፊት ቆመ፤ ውሃው በሁለት ቀን፣ ቢዘገይ በሦስት፣ ከወንዙ ግርጌ ያለው አፋምቦ ይደርሳል፤ በዚያ ደግሞ በሐጂ አብዱናሲር ሥር ያለው ጎሣ ለሣሩ ሲል ከነከብቱ ወንዙ ዳር ሰፍሯል። የተሰማው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ለአንድ ሹም በሕይወቱ አንዴ የሚመጣው ሥራ እንደ መጣ ታውቆታል።

የመዝገብ ቤት ኃላፊው አቶ ኃይለ ልዑል ግን ከበሩ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከበላይ አካል የጽሑፍ ማረጋገጫ አልደረሰንም፤ ሾፌር ደግሞ የበላይ አካል አይደለም።»

«ከእኛ ላንድክሩዘር በላይ ይቀመጣል» አለ ኢስማኤል። «ደብዳቤ ያዘጋጁ፤ ሕዝቡ ዛሬውኑ ወደ ኮረብታው ይውጣ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

«ይኸው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በደብዳቤው ላይ ይግባ?»

«ይግባ።»

ደብዳቤው ቁጥር ወጣለት፤ ማኅተም ተደረገበት፤ በመልእክተኛ ወደ አፋምቦ ተላከ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክተኛው አቧራ ለብሶ ተመለሰ።

«ሐጂ አስነበቡት። ከዚያ ‹ማን አየው?› ብለው ወረቀቱን ጠየቁት።»

«ወረቀቱን?»

«አዎ። ዝም አላቸው። እሳቸውም መልሰው ሰጡኝ።»

በአፋር ደንብ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዱላቸውን አስደግፈው ይቀመጣሉ፤ ከሰላምታ በኋላ እያንዳንዱ የመጣበትን አገር ዝናብ፣ ሣር፣ ጠብና ሞት ለሌላው ያወርሳል፤ ይህም ዳጉ ይባላል። የዳጉ ሕግ አንድ ነው፤ ያየኸውን ከሰማኸው ትለያለህ። ለጠየቀህም ትመልሳለህ፤ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ደህና አደርክ ቢል እንኳ ፀሐይቱን አይተው ነው የሚያምኑት። ኢስማኤል በዚህ ሕግ አድጓል፤ አርባ ቀን ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ማኅተም ዓይን ያለው አስመስሎበት ነበር። ራሱን እየወቀሰ ሾፌሩን ፍለጋ ሮጠ።

ሸዋንግዛው ከወሎ በመጣችው በወይዘሮ ሐጂራ ሆቴል ተኝቶ ውሎ፣ በልቶ ሊነሣ ቁልፉን ይዟል።

«አፋምቦ? ጌታዬ፣ ነገ ጅቡቲ እጠበቃለሁ። የነገርኩዎትን ይንገሩልኝ።»

«እኔ ብናገር ሰማሁ ነው የምለው። ያየኸው አንተ ነህ።»

«ሹሙ እርስዎ አይደሉ?»

«እዚያ ሹሙ ያየው ሰው ነው።»

ሐጂራ ጠረጴዛውን እየወለወለች ጣልቃ ገባች። «ሂድ የኔ ወንድም። መኪናህን እኔ እጠብቃለሁ፤ አብሽር። ጅቡቲ ወዴትም አትሄድም። እዚያ ያለው ግን የአላህ ፍጡር ነው።»

ሸዋንግዛው ቁልፉን አየ፤ እሷን አየ፤ ቁልፉን ሰጣት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፋምቦ ደረሱ። ሐጂ አብዱናሲር ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ለሹሙ ሆነ።

«ልጄ፣ አንተ አየኸው?»

አዎ ቢል በዚያች ቅጽበት ሕዝቡ ይነሣ ነበር፤ ይህን አወቀ፤ ምላሱም ወደዚያው አዘነበለ። ነገር ግን በሐሰት የተነሣ ሕዝብ ለከርሞው በእውነትም እንደማይነሣ አሰበ።

«አላየሁም አባቴ። የሰማሁት ከዚህ ሰው ነው። እሱ ይናገራል፤ እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጉማለሁ።»

ሸዋንግዛው ተቀመጠና በመንገደኛ ልማድ ጀመረ። «ማዕበሉ ዝሆን ያህላል!»

«ዝሆን አይተሃል?» አሉ ሐጂ።

«... በሥዕል።»

«ሥዕሉን ተወው። ባየህበት ቦታ ውሃው ምን ነካ?»

ሾፌሩ ላቡን ጠረገ፤ ዕድሜ ልኩን ያጋነነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከበደው። ቀስ ብሎ ይናገር ጀመር፤ ቀለሙ እንደ ጡብ ነው፤ ከአስፋልቱ በታች ያለው ማሳ የለም፤ ራሱ ወርዶ ቢቆም ውሃው ጉልበቱን ነክቶታል።

«የሞተ ከብት?»

«ፍየሎች። አንዷን በእግሬ ገለበጥኳት። ቀኝ ጆሮዋ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በጆሮ ምልክት የከብቱ ባለቤት ጎሣ ይታወቃል፤ የዚህ ምልክት ባለቤቶች ደግሞ ጎርፍ ነክቶት በማያውቅ ከፍታ ላይ የሚሰፍሩ ናቸው። ሐጂ አብዱናሲር ሌላ አልጠየቁም። ዱላቸውን ነቅለው ተነሡ፤ ወጣቶቹም ገና ሳይነገራቸው በየአቅጣጫው ሮጡ፤ ወዲያው ሜዳው በሙሉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ግመሎች ጎጆ ተሸክመው፣ ሴቶች ሕፃናት አዝለው፣ ከብቱ አቧራውን እያነሣ ወደ ኮረብታው። ሹሙ ክራቫቱን በኪሱ ከትቶ ጥጃ ተሸከመ። ሸዋንግዛውም አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት በጀርባው አዝሎ ሲወጣ፣ እሳቸው ስለ ጅቡቲ ዳጉ ይጠይቁት ነበር።

ጎርፉ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደረሰ። ሰፈሩ የነበረበት ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ብቻ ሆነ፤ በውስጡ ግን ማንም አልነበረም።

በዓመቱ መጨረሻ የወጣው ሪፖርት ነገሩን በአንድ መስመር አስቀምጦታል፤ «በተሰጠው የጽሑፍ መመሪያ መሠረት በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት አልደረሰም» ይላል። ታሪክ የሰመጡትን በስም ይመዘግባል፤ ሳይሰምጡ ለቀሩት ዓምድ የለውም፤ ስለዚህ መልካም አስተዳደር በደንብ በሠራበት ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ኢስማኤልም ሪፖርቱ እንዲታረም አልጠየቀም። ሥራ በዝቶበት ነበር፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከቢሮው ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ይቀመጥና፣ ከአዋሽ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ ምን እንዳየ ይጠይቅ ነበር።