ፋንታው የመረጠው የድምፅ መቆጣጠሪያ

ማመን ያቃታችሁ እለፉት፤ እኔ ግን የምነግራችሁ የሆነውን ነው። ደብረ ታቦር... ባለፈው ዓመት መስከረም ማገባደጃ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፤ በጠራራ ፀሐይ!

የደረሰው በሬዲዮ ጠጋኙ በፋንታው ላይ ነው። የነገረኝም ራሱ ነው።

ጎረቤቱ ብርነሽ ከስድስት ዓመት በኋላ ከጅዳ ከተመለሰች ሁለተኛ ቀኗ ነው። አሠሪዋ በጥፊ ካጮለቻት ወዲህ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። እናቷ እትዬ አልማዝ ሐምሌ ላይ ሞተዋል።

እሷ ግን አታውቅም።

በሰው አገር ብቻዋን መርዶ እንዳትሰማ ተብሎ ተደብቆባታል። «ጣራ ገዳም ፀበል ገብተዋል፣ ነገ እንወስድሻለን» ተብላለች። መርዶው የሚነገራት በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሽማግሌዎቹ ፋንታውን «አደራ፣ አፍህን ጠብቅ» ብለውታል።

ብርነሽ ስልኳንና የጆሮ ማዳመጫዋን ይዛ ሱቁ ገባች።

«ፋንታው፣ እማዬ ድምፅ ልካልኛለች። በጣም ዝቅ ያለ ነው... አጉላልኝ።»

የእትዬ አልማዝ ስልክ ባትሪው ወጥቶ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። የብርነሽ ወንድም ይሻው «እንዳታየው ደብቅልኝ» ብሎ የሰጠው።

«የድሮ ይሆናል» አላት።

«የትናንት ነው እኮ!»

ጠረጴዛው ላይ እሱ የጀመራት የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ማጉያ ነበረች። የቀራት የድምፅ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። እሱ ጋር ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጠቅ ጠቅ እያለ በደረጃ የሚዞር ነው፤ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰጣል። ሌላው ርካሽ ነው፤ ዝቅ ሲያደርጉት ግራው ቀድሞ ይጠፋና ቀኙ ብቻ ይቀራል።

ባለደረጃውን ገጠመና መጀመሪያ ራሱ አዳመጠ።

አንድ... ምንም።

ሁለት... ትንፋሽ።

ሦስት... አፈር ሲንሸራተት።

አራት...

«ብርነሽዬ... እስካሁን አልነገሩሽም?»

የእሳቸው ድምፅ ነው። ማዳመጫውን መንጭቆ አወለቀው።

«ምን አለች?»

«ይ... ይንሿሿል። ይሄ መቆጣጠሪያ አይሆንም።»

ዋሸ። ባለደረጃውን ነቅሎ ርካሹን በየደ። ከዚያ ግራው እስኪጠፋ ዝቅ አደረገው። በማይሰማው ጆሮዋ ብቻ ትስማ አለ። አንዲት ሌሊት እንኳ እናት እንዳላት አስባ ትደር ብሎ ነው።

ብርነሽ ማዳመጫውን አጠለቀች።

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰማሁ» አለች በሹክሹክታ።

«በየትኛው ጆሮሽ?»

«በቀኙ...»

ፋንታው ማጉያዋን ከኮረንቲ ነቀላት። ብርነሽ ግን አሁንም ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች።

«እሺ እማዬ... አዎ፣ እዚሁ ነው... አይ፣ አንቺው ንገሪው።»

ማዳመጫውን አወለቀች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች። አንዲት እንባ አልወጣትም።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ለሚገባ ሰው መንገድ እንደምትለቅ ወደ ጎን ጠጋ አለች።

«ግቢ እማዬ... ብቻውን ነው።»

እሷ ወጣች።

የበሩ መጋረጃ ወደ ውስጥ ተገፋ...