አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው ያየሁትን፣ የሰማሁትንና በገዛ እጄ ያቀበልኩትን ብቻ ነው።

ለምን ዛሬ እንደምጽፈው ስትጨርሱት ይገባችኋል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ ወጥታ ግቢው ሞቅ ብሏል። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጃችን ገና ከአልጋው አልወረደም። ሻይ ቀዳሁና ከቤታችን ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ሄድኩ። መኪናችንን የምናቆመው እዚያ ነበር።

ከባሌ ጋር ከተኳረፍን ሦስተኛ ቀናችን ነው።

ባሌ በረሃ አቋርጦ፣ የአራት ቀን መንገድ ነድቶ፣ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ተነስቷል። እህቱ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ማየት አትወድም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ደጃችንን አልረገጠችም። "ታምሜያለሁ፣ ድረስልኝ" ስትለው ግን አላስችል አለው። እኔም ክፉ ቃል ተናገርኩ።

"ከሄድክ እዚያው ቅር" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ነው። "አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው።" "እናትህን አልራበኝም በላት።"

ለመንገዱ ብሎ አሮጌዋን የመስክ መኪና ከፍ ሊያደርጋት ፈለገ፤ ድንጋይና አሸዋ ሆዷን እንዳይነካት። ሰፈሩ በሙሉ ነጭናጫው የሚለው መካኒክ ግን ከአራት ጣት በላይ አይሆንም አለ። ባሌ ስምንት ጣት ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ።

"መምህር" አለው ነጭናጫው፣ "አንተ በአንድ ሌሊት ስምንት ጣት ብትረዝምና ሱሪህ ባይረዝም ምን ትሆናለህ?"

"መሳቂያ።"

"መኪናዋ ግን አታስቅም። ካርዳኗ ያጥራል።"

ካርዳን የሚሉት የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚሽከረከረውን ረጅም ብረት ነው። መኪናው ከፍ ሲል ብረቱ ቁልቁል ይዘቀዝቃል፣ ይወጠራል፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሲንቀጠቀጥ የያዙትን አራት ቡሎኖች ያላላል። በፍጥነት ላይ ተፈትቶ መሬት ከወጋ መኪናውን ከነሾፌሩ ይገለብጠዋል። ነጭናጫው ረዘም ያለ ካርዳን እስኪያሠራ ሁለት ሳምንት ታገሰኝ አለው። ባሌ የታመመ ሰው ሁለት ሳምንት አይጠብቅም አለ። ተሰዳድበው ተለያዩ። ባሌም መኪናዋን ራሱ ከፍ አደረጋት፤ የቀረው አሮጌውን ካርዳን መልሶ ማሰር ብቻ ነበር።

እናም ያን ጠዋት ሻዩን ይዤ ስገባ...

ሁለት እግሮች ከመኪናዋ ሥር ወጥተው አየሁ።

በጀርባው ተኝቷል። ቡናማው የሥራ ጫማው ይታያል። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳልናገር ልወጣ ስል...

"አሥራ ዘጠኝ ቁጥር።"

የባሌ ድምፅ ነው። ግን ደረቅ ነበር፣ ባዶ በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው። ኩርፊያው ነው ብዬ ተውኩት።

መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በየምስማራቸው ተሰቅለዋል። ከየምስማሩ ሥር ቁጥሩን በቀዩ የጥፍር ቀለሜ ጽፎታል። የጻፈው በተጋባን ዓመት ነው፤ ጠርሙሱን ሙሉ ጨርሶብኝ ነበር።

አሥራ ዘጠኙን አነሳሁ። የካርዳኑ ቡሎኖች በእሱ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁለት።

እጅ ወጣ።

ንጹሕ እጅ ነበር... የግሪስ ጠብታ የለበትም። ጥፍሩ ሥር እንኳ።

"ልጅሽ መንዳት ጀመረ?" አለኝ።

ልጅሽ አለ። ልጃችን አላለም።

"አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ምን ይነዳል" አልኩት።

ከዚያ፣ በሹክሹክታ...

"ይደርሳል።"

መፍቻውን ሲቀበለኝ ጣቱ ጣቴን ነካው። የጉድጓድ ውሃ እንኳ እንዲያ አይቀዘቅዝም።

ፊቴን አዙሬ ወጣሁ። ግቢው መሐል አልደረስኩም...

ባሌ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ፊቱን በፎጣ ያደርቃል። ባዶ እግሩን ነው።

"ምሁሯ" አለኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ የሚጠራኝ በዚህ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። "ሻዩ ለማን ነው?"

ዞሬ አየሁ።

ከመኪናዋ ሥር ማንም የለም። የሥራ ጫማው ብቻ... ጎን ለጎን ቆሟል።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ማንም ቢሆን ይናገር ነበር ትላላችሁ። እኔ ግን ሦስት ቀን አኩርፌ ቆይቼ፣ የመጀመሪያ ቃሌ "ሰው ያልሆነ ነገር አየሁ" እንዲሆን አፈርኩ። የተማርኩ ሴት ነኛ።

"ለማንም" አልኩት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳጥን ሲገለብጥ፣ ዕቃ ሲወረውር ሰማሁት። ቆይቶ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

ይህቺን ቃል ዘጠኝ ዓመት ተሸክሜያታለሁ።

ቡሎኖቹን በሚጠብና በሚሰፋው መፍቻ አሰራቸው። እየተንሸራተተ እጁን ሲመታው ይራገም ነበር። እሁድ ጠዋት ሄደ። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ተገልብጣ ተገኘች። ነጭናጫው እስከዚያ ድረስ ሄዶ አይቶ መጣ። ከአራቱ ቡሎኖች ሦስቱ የሉም አለኝ። "ነግሬው ነበር" አላለም። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ስለ ለቅሶው አልጽፍም።

የታመመችው እህቱ ግን ድናለች። እስካሁን አለች።

ልጄ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አምና አሮጌ የመስክ መኪና ገዛ። ዘንድሮ ደግሞ አክስቱ ዘንድ እሄዳለሁ፣ አባቴ ያልደረሰበትን ደጅ እኔ አንኳኳለሁ አለኝ። ክፉ ቃል አልወጣኝም፤ እሱን ተምሬያለሁ። መኪናውን የሚነካው ነጭናጫው ብቻ ይሁን አልኩ።

ነጭናጫው አርጅቷል፣ ጠባዩ ግን አላረጀም። መኪናውን አራት ጣት ብቻ አነሳው። በልኩ አዲስ ካርዳን አሠራ። ሲጨርስ ልጄን ጆሮውን ይዞ፣ ልትሄድ ስትል አራቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ እንደገና አጥብቃቸው፣ ደግሞ በሌላ ነገር እንዳትሞክር፣ በአሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ አለው።

ሊሄድ በተነሳበት ዕለት፣ ሰኞ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። መኪናው የለም። ሳይሰናበተኝ መሄዱ ከፋኝ።

ከዚያ ግድግዳውን አየሁ።

አሥራ ዘጠኝ ቁጥሩ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል...

ዘጠኝ ዓመት ባዶውን የኖረ ምስማር ነው። መፍቻው ተወልውሎ ያበራል። ነካሁት። ያን ቅዝቃዜ አወቅኩት።

ዓይኔን ወደ ግራ መለስኩ። ከአሥራ ሰባት ቁጥር በላይ ያለው ምስማር...

ባዶ ነው።

ደወልኩ። አነሳ።

"እማዬ፣ ኩርፊያሽ ለቀቀሽ?"

"ቡሎኖቹን አጥብቀሃቸዋል?"

"አንዱን አጠበቅኩ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ወሰድሽብኝ እኮ።"

"...ማን?"

"አንቺ ነሻ። ከሥር ሆኜ ነጠላ ጫማሽን አየሁት። 'ስጠኝ' አልሽኝ፣ ሰጠሁሽ። እንዳልሄድ ብለሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የቀሩትን በፒንሳ ያዝ ያዝ አድርጌያቸዋለሁ።" ቀጠለ። "እጅሽ ግን ለምንድን ነው እንዲያ የቀዘቀዘው?"

"አቁም" አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ብጮህ የሚደነግጥ መሰለኝ። "አሁኑኑ አቁም። ከመኪናው ውረድ። እኔ አይደለሁም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ልጄ፣ አቁም።"

"እሺ እማዬ፣ እሺ... ጥግ ልያዝ..."

ከድምፁ ሥር ሌላ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የብረት ድምፅ። መጀመሪያ በዝግታ...

ቅ... ቅ... ቅ...

ከዚያ እየፈጠነ።

ስልኩ ተቋረጠ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። በረሃው ላይ ኔትወርክ ስለማይሠራ ነው ይሉኛል ሰዎች። ነጭናጫው የዚያኑ ዕለት የራሱን መኪና አስነስቶ ተከትሎታል። የእሱም ስልክ አይሠራም።

በበረሃው መንገድ የምትነዱ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ አመድማ ቀለም ያላት፣ ከሌሎቹ አራት ጣት ከፍ ያለች አሮጌ የመስክ መኪና ካያችሁ አስቁሙልኝ። ሾፌሩ ሲስቅ ግራ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል። አይቆምም፣ ግትር ነው፤ መንገድ ዝጉበት። ሲወርድ፣ የወሰደችብህ እናትህ አይደለችም በሉት።

መጋዘኑን ቆልፌዋለሁ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከፍቼ ግድግዳውን አያለሁ። ዛሬም አይቻለሁ።

አሥራ ዘጠኙ በቦታው ነው። አሥራ ሰባት ቁጥሩ የለም።